የልጅ ልጄ እንግዳ

«ልጃችን ከኮምፒውተር ላይ አልነሳ አለን፣ ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሱን ሳዘገይ የቆየሁት በራሴ ቤት ያልጨረስኩት ጉዳይ ስለነበረ ነው። ዛሬ እሱኑ ልንገራችሁ። ታሪኩ እኔን አያስመሰግንም፤ ቢሆንም ከእኔ ጥፋት አንድ ነገር ታገኙበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

የልጅ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። እሱና እናቱ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አጎቱ ያገለገለ ኮምፒውተር ሰጠው፤ ሣጥኑ ለብቻ፣ ስክሪኑ ለብቻ የሆነውን ዓይነት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መክሰሱን ይበላና በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። «ምን እየሠራህ ነው?» ሲባል «ስሪዲ» ይላል። ስሪዲ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ጌም መስሎኝ ነበር። እናቱም ሥራ ውላ ደክሟት ስለምትገባ ለልጇ የሚተርፋት ቃል «አጥፋና ተኛ» የሚለው ብቻ ሆኖ ቀረ።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ በክፍሉ በር ሥር ብርሃን አየሁ። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ስላደረገ አልሰማኝም። ስክሪኑ ላይ ጭንቅላቱ የተነፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ዓይኑ እንደ ስኒ ማስቀመጫ የሰፋ ግራጫ ፍጡር ዝግ ብሎ ይዞራል። በስመ አብ ብዬ በሩን መለስኩት። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄጄ ብሬከሩን አጠፋሁት።

ቤቱ ጨለመ። «ኧረ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ልጁ እየዳበሰ ወጣ።

«እማማ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

«ጠፋ። በቃ ተኛ» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ሄደና መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። የጎረቤታችን የበረንዳ መብራት ቦግ ብሎ ይታያል። እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይል ገብቶ ተኛ። ሴቭ ያልተደረገ የአራት ሰዓት ሥራ እንደጠፋበት የሰማሁት በማግስቱ ከእናቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ከ«ደህና አደርሽ» እና ከ«ደህና እደሪ» በስተቀር ለእኔ ቃል አልወጣውም።

እኔ እኮ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ፣ መርፌ ሊወጋ የመጣን ልጅ «አያምህም» የሚሉ እናቶችን ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ያመዋል፣ ግን ቶሎ ያልፋል በሉት፤ ዛሬ ከዋሻችሁት ነገ አያምናችሁም» እል ነበር። ያቺ መካሪ ናት እንግዲህ ሌሊት ተነስታ ልጅ የዋሸችው።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ፈንዲሻ በሳህን ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

«ያን ሌሊት መብራት አልጠፋም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁህም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

ከስክሪኑ ሳይዞር «አውቃለሁ» አለኝ። ጥቂት ቆየና ደግሞ «ሴቭ ሳላደርግ ያን ያህል መቆየቴም የኔ ጥፋት ነው» አለ።

«እስቲ የምትሠራውን አሳየኝ» ብዬ በርጩማ ሳብኩ። በእኛ ዘመን ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየንም። እኔ ግን ጠይቄ የጎደለብኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም ከልጁ ጎን መቀመጫ አገኘሁበት።

ከኳስ የሚጀምር ፊት

የሚሠራበት ፕሮግራም ብሌንደር ይባላል። የሚያስተዳድረው ድርጅት ያለው ሆላንድ፣ አምስተርዳም ከተማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደጋፊዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ስላደረጉት እስከ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ልጄ ለፕሮግራሙ አንድ ብር አላወጣችም። በዚሁ ፕሮግራም የተሠራ «ፍሎው» የሚባል የላትቪያ ፊልም፣ ድመት ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል የማይነገርበት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ተብሎ ኦስካር ተሸልሟል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው፤ ሲነግረኝ ቀና ብሎ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከአንዲት ግራጫ ኳስ ነው። በማውስ ይስባታል፣ ይገፋታል። ወደ ታች ስትሳብ አገጭ፣ ወደ ውስጥ ስትጫን የዓይን ጉድጓድ ትሆናለች። «ብሩሽ» የሚላቸው ብዙ መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ጭቃ እንደ መለጠፍ ይደርባል፣ አንዱ መስመር ያወጣል፣ አንዱ ያለሰልሳል። ሸክላ ሠሪ ጀበና ስታበጅ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ እጅ አለመቆሸሹና የተበላሸውን ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። በግራ ጉንጭ ላይ የሠራው በቀኙም ላይ በራሱ ይሠራል፤ መሃል ላይ መስታወት የቆመ ይመስላል።

የኳሷ ገጽ ከጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተሠራ ነው። ትልልቁን ቅርጽ ለማውጣት ጥቂቶቹ ይበቃሉ። የቆዳ ሽብሽብና የላብ ቀዳዳ ሲፈለግ ግን ቁጥራቸው ወደ መቶ ሺዎች ይወጣል፤ ያኔ አሮጌው ኮምፒውተራችን እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ይጀምራል። «መጀመሪያ የራስ ቅሉ ነው፣ ቀጥሎ ጡንቻው፤ ሽብሽቡ መጨረሻ ነው የሚመጣው» አለኝ። «ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ሽብሽብ ለመሥራት ሲቸኩል ነው።» አነጋገሩ የአናቶሚ መምህራችንን አስታወሰኝ። እሳቸውም አጥንቱን ሳናውቅ ስለ ቆዳ እንድናወራ አይፈቅዱም ነበር።

ቀለም ለመቀባት ደግሞ መጀመሪያ ቆዳውን መግፈፍ ያስፈልጋል። በበዓል በግ ታርዶ ሌጦው መሬት ላይ ሲዘረጋ አስቡት፤ ክብ የነበረው ጠፍጣፋ ይሆናል። ልጁም የፍጡሩን ቆዳ በመረጠው መስመር ይቀድና ይዘረጋዋል። መስመሩን ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በኩል ያደርገዋል፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ስፌቱን በማይታይ ቦታ እንደሚደብቀው ማለት ነው። ጠፍጣፋው ላይ ያረፈው ቀለም ተመልሶ ፊቱን ይለብሰዋል።

ይህን ሁሉ ሳይ ለሁለት ዓመት «ጌም» ያልኩት ነገር አሳፈረኝ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ የአንዱን ዓይን ሽፋን ስድስት ጊዜ አፍርሶ ሲሠራ ቆጥሬያለሁ። የሒሳብ የቤት ሥራውን ስድስት ጊዜ ቢሞክር ደስ ባለኝ፤ ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔም የማውቀው ነገር ነበር

እስከዚህ ድረስ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን «እማማ፣ መንጋጋው ለምን ፕላስቲክ እንደሚመስል አልገባህ አለኝ» ብሎ ተነጫነጨ።

እጁን ጉንጩ ላይ አስደረግኩትና «ጥርስህን ንከስ» አልኩት። ከጆሮው ዝቅ ብሎ ያለው ጡንቻ ብድግ አለ። «አሁን ደግሞ እጅህን ከዓይንህና ከጆሮህ መሃል አድርግና ንከስ።» እዚያም ብድግ አለ። ሰው ሲያኝክ ከሁለቱም ቦታ ነው የሚጎትተው። ልጁ ደጋግሞ እየነከሰ ፊቱን ዳሰሰ፤ ከዚያ የእኔን ፊት እንዲዳስስ ፈቃድ ጠየቀኝ።

ከዚያ ጥያቄው የእኔ ሆነ። «ይህ ፍጡርህ ምን ይበላል?» አላሰበበትም ነበር። ለስላሳ ነገር የሚበላ ከሆነ ይህን የሚያክል መንጋጋ ምን ያደርግለታል? ጠንካራ ነገር ከሆነ የሚበላው ጡንቻው የት አለ? «በየት ይተነፍሳል?» አፍንጫ የሚመስል ነገር አልነበረውም። «በዚህ ቀጭን አንገት ያን ትልቅ ጭንቅላት ደም እንዴት ያደርስለታል?» ልጁ ትንሽ ሳለ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀጭኔዋን ፀሐይን እያየ ነው ያደገው። እውነተኛዋ ቀጭኔ ደሙን እስከ አናቷ ለማውጣት የደም ግፊቷ ከሰው እጥፍ ግድም መሆን እንዳለበት ነገርኩት። በማግስቱ ሳየው የፍጡሩ አንገት ወፈር ብሎ በግራና በቀኝ ሁለት የደም ሥሮች ወጥተውበታል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ከእግር እስከ ራሱ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነበር። «ግድግዳ ነው እንዴ የቀባኸው?» አልኩት። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከጣቶቼ ኋላ ያዝኩ፤ የጣቶቼ ጠርዝ እንደ ፍም ቀላ። ብርሃን ቆዳ ላይ ደርሶ ብቻ አይመለስም፤ ጥቂቱ ውስጥ ገብቶ፣ በደምና በሥጋ መሃል ተበትኖ ይወጣል። ጆሮን ፀሐይ ከኋላ ሲመታው ቀይ የሚሆነው ለዚህ ነው። «ይሄማ ፕሮግራሙ ላይ አለ፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አላውቅም ነበር» ብሎ አንድ ቁጥር ከፍ አደረገ። ያ ፕላስቲክ የሚመስል ጆሮ ዓይኔ እያየ ሥጋ ሆነ።

ነርስ ታማሚ ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ቀለም ነው። ደም ማነስ ሲኖር የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጡና መዳፉ ይነጣል። ጉበት ሲታወክ የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል። ኦክስጅን ሲያንስ ከንፈርና ምላስ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጉንጭ ስለማይናገር ደም ለላዩ የሚቀርብበትን ቦታ መርጠን እናያለን፤ ከንፈርን ከውስጥ፣ ድድን፣ ጥፍርን። ይህን ስነግረው «ታዲያ የኔ ፍጡር ደሙ ምን ዓይነት ይሁን?» አለኝ። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አልኩት። ሲፈልግ ቆይቶ የኦክቶፐስ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ፈንታ በመዳብ ስለሆነ ሰማያዊ መሆኑን አገኘ። ለፍጡሩም ሰማያዊ ደም ሰጠው። ከዚያ ከንፈሩን፣ የዓይኑን ሽፋን ጠርዝና የጆሮውን ጫፍ በስሱ ሰማያዊ ቀባና በላዩ አረንጓዴውን አሳሳ። አሁን ጤናማ መሰለ። በራሱ አገር ጤናማ ማለቴ ነው።

አንድ ፎቶ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቅርጽ የሚሠሩ ሰዎች እያዩ የሚሠሩበት ፎቶ ይሰበስባሉ። የልጅ ልጄም አንድ ገጽ ላይ ሃያ የሚሆኑ ፎቶዎች ደርድሯል፤ የዝሆን ቆዳ፣ እስስት፣ የተሰነጣጠቀ ጭቃ፣ የሽማግሌ እጅ። «ፍጡሬ ክፉ ነው፤ ሲያዩት የሚያስፈራ መሆን አለበት» ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ያን ገጽ ሲከፍት ከፎቶዎቹ መሃል አንዱን ለየሁት። የሕፃን ፊት ነው። ጉንጩ ተበልቶ ጥርሱ ከነመንጋጋው ይታያል።

«ይህ ማነው?» አልኩት።

«አላውቅም፣ ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት። አፉ ስለሚያስፈራ ለጥርሱ ልጠቀምበት ነው።»

ወዲያው መናገር አልቻልኩም። ዲፕሎማዬን በያዝኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ለድርቁ ወሎ ተልከን ነበር። እዚያ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ኩፍኝ ይዟት ለቀቃት፤ ከዚያ ድዷ ቆሰለ፣ ጉንጯ አበጠ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ፊቷ ተበላ። ሽታው ከባድ ስለነበረ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቦታ ቀየሩ። እናትየዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አቅፋት ትውል ነበር። እኔ ራሴ ቁስሉን ለማጠብ ስቀርብ ፊቴን ላለማዞር እታገል ነበር። ልጅቷ አልተረፈችም።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። «የዚህ ልጅ በሽታ ኖማ ይባላል» አልኩት። «ምግብ ያጡ፣ በሌላ በሽታ የተዳከሙ ሕፃናትን ነው የሚይዘው፤ አብዛኞቹ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ናቸው። ልጁ ጭራቅ አይደለም፤ የተራበ ልጅ ነው። ይህ ፎቶ የተነሳውም እንዲታከም ወይም ሐኪሞች እንዲማሩበት ይሆናል።»

ፎቶውን እያየ ዝም አለ። ከዚያ «ይድናል?» ብሎ ጠየቀኝ። በነርስነቴ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የመሰለ ደስ ያለኝ የለም።

ይድናል። ድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት በተለመደው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ አፍን በማጽዳትና በምግብ ይቆማል። ሳይታከም ከቀረ ግን ከአሥሩ ዘጠኙን ይገድላል፤ የተረፉትም ፊታቸውን ለመጠገን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አንባቢዎቼም ይህን ያዙልኝ፦ የተጎሳቆለ ወይም ከኩፍኝ ገና የተነሳ ሕፃን ድዱ ከደማ፣ ከቆሰለ፣ ትንፋሹ ከከረፋ ወይም ጉንጩ ካበጠ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ልጁ ፎቶውን ከገጹ ላይ አጠፋው። እኔ አጥፋ አላልኩትም።

ከዚያ ብዙ አወራን። ፊልም ላይ ክፉው ሰው ለምን ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይኖረዋል? ለምን የተቃጠለ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ አፉ የተጣመመ ይሆናል? እንዲህ እያየ ያደገ ልጅ ታክሲ ውስጥ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ምን ይሰማዋል? የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን አክሜያለሁ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ከዳኑ በኋላ የቀረባቸውን የሰው ዓይን ግን የሚያድን ኪኒን አልነበረኝም።

በእኛ የወጣትነት ዘመን የወጣውን «ኢ.ቲ.» የሚለውን ፊልም አነሳሁለት። እ.ኤ.አ. በ1982 የስቲቨን ስፒልበርግ ሥራ ነው። ፍጡሩን በእጁ ያበጀው ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ ነበር፤ ለፊቱም የአልበርት አንስታይንን መልክ እንደ መነሻ ተጠቅመዋል። አስቀያሚ ነው፣ ቆዳው የተሸበሸበ ነው፣ ግን ማንም ልጅ አልጠላውም። ጭንቅላቱና ዓይኑ ትልልቅ የሆኑት እንደ ሕፃን ነው። አራስ ልጅ ጭንቅላቱ የቁመቱ ሩብ ያህላል፤ የአዋቂ ሰው ግን ከስምንት እጅ አንድ እጅ ግድም ነው። ትልቅ ጭንቅላት በቀጭን አንገት ላይ ስናይ እጃችን ሊደግፍ የሚዘረጋው ሕፃን ማቀፍ ስለምናውቅ ነው።

«ታዲያ የኔን የሚያስፈራ ምኑን ላድርገው?» አለኝ።

«ከሩቅ የመጣ ነው ብለኸኝ የለም? ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ራሱ ነው» አልኩት።

ጥቂት አሰበና ፋይሉን ስም ቀየረው። በእንግሊዝኛ የነበረውን አጥፍቶ «እንግዳ» ብሎ ጻፈ። ቋንቋችን ደግ ነው፤ የማናውቀውንም፣ ቤታችን የምንቀበለውንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው።

ያን ሌሊት ብሬከሩን አጥፍቼ ነገሩን በዚያው ጨርሼው ቢሆን ኖሮ ልጁ በሰዓቱ ይተኛ ይሆናል። ያ ፎቶ ግን እዚያው ይቀመጥ ነበር፤ የአንድ የታመመ ሕፃን ጉንጭም በእኛ ቤት የጭራቅ አፍ ይሆን ነበር። ማንም ሳያውቅ፣ ልጁም ሳያውቅ። ልጆቻችን ስክሪን ላይ ስንት ሰዓት እንደቆዩ እንቆጥራለን። ምን እያዩ እንደሆነ የምናውቀው ግን አጠገባቸው ስንቀመጥ ብቻ ነው።

የተስማማንባቸው

ይህን ስላልኩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ነርስነቴ አለቀቀኝም። ሦስታችን፣ እኔ፣ እናቱና እሱ፣ ተቀምጠን የተስማማነው ይህ ነው፦

እንቅልፍ አይነካም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እሱ ለትምህርት ቤት 12 ሰዓት ስለሚነሳ ኮምፒውተሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንነግረዋለን፤ ሴቭ አድርጎ ይዘጋል። ብሬከር አይነካም።

ዓይን ያርፋል። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግብበት ጊዜ ስለሚቀንስ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ያያል። የእኛ ልጅ የመረጠው የጎረቤታችንን በረንዳ ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ስክሪኑ የክንድ ርዝመት ያህል ይራቅ፣ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ከፍታ አይበልጥ፣ እግር መሬት ይርገጥ።

ትምህርት ይቀድማል። በመጀመሪያው ፈተና ሒሳቡ ወርዶ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የቤት ሥራው ሳያልቅ ኮምፒውተሩ አይከፈትም። እስካሁን ሁለት ጊዜ አፍርሷል፤ ሁለቴም የአርቡ ጊዜ ተቀንሶበታል። «ስድስት ጊዜ የዓይን ሽፋን ያፈረስክ ልጅ አንድ እኩልታ ሦስት ጊዜ ብትሞክር ምን ትሆናለህ?» ስለው ይስቃል፤ አንዳንዴም ይሞክራል።

ፎቶ ይጠየቃል። የሰው ፎቶ ሲወስድ «ይህ ሰው ማነው? ምን ሆኖ ነው? ቢያይ ምን ይላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የታመመ ሰው ከሆነ ለማስፈራሪያ አይውልም። ሥራውን ለማን እንደሚያሳይ፣ ማን መልስ እንደሚጽፍለትም እናቱ ታውቃለች።

የመጨረሻው ስምምነት ለእናቱ ነው። በየቅዳሜው ለግማሽ ሰዓት ስልኳን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ «ምንም አይገባኝም እኮ» ብላ ነበር። እኔም አይገባኝም ነበር። ለልጅ የሚያስፈልገው የሚገባው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀውም ሰው ያስፈልገዋል። አናጢ የነበረ አያት ስለ መገጣጠሚያ፣ ገበሬ የነበረ ስለ እንስሳ አካሄድ፣ ጥልፍ የምትጠልፍ አያት ስለ ቀለም የምትለው አታጣም።

ይህ ሥራ ወደፊት እንጀራው ይሆናል ብዬ አልምልላችሁም። ማየት እየተማረ እንደሆነ ግን ምስክር ነኝ። በቀደም ዕለት ራት ላይ ፊቴን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና «እማማ፣ የግራ ዓይንሽ ሽፋን ከቀኙ ዝቅ ይላል» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ ከእናቴ በቀር ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ያን የመሃል መስታወት አጥፍቶ የእንግዳውን የግራ ዓይን ሽፋን ትንሽ ዝቅ አደረገው። «ሁለቱ ጎን እኩል ሲሆን ሕይወት የለውም» አለኝ። እንግዳው አሁን አያስፈራም። ደክሞት በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» የሚል ይመስላል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ወጥ ቤት ሳለሁ ቤቱ በድንገት ጨለመ። ከልጁ ክፍል ድምፅ መጣ።

«እማማ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም! የጎረቤቱን በረንዳ እይ!»

መጋረጃው ሲገለጥ ሰማሁ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነበር። ሳቀና «ግዴለም፣ ሴቭ አድርጌያለሁ» አለ።

ሳምንት በጤና ያገናኘን።